የእጀ ቀላሏ ባጅ

የመስታወቱን ጆግ ወረወርኩና ሳትኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መወርወሬ ሳይሆን መሳቴ ነው። ጆጉ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ፤ ውሃው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የከተማ ካርታ አበሰበሰው፤ ተሰብሳቢው ሁሉ ወንበሩን እያንጓጓ ተነሳ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሻሿ ላይ ያረፈውን ስባሪ በሁለት ጣቷ ለቅማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በቋንቋችን፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው" አለችኝ። አንገቷ ላይ የሆስፒታላችን ባጅ ተንጠልጥሏል። ባጁ ላይ ያለው ፎቶዋም ፈገግ ብሏል።

ሰፈራችን እጀ ቀላሏ ነው የሚላት። ከአገር ስንሰደድ ሌላው ሰው ልብሱንና ፎቶውን ሲሸክፍ እሷ የያዘችው እጇን ብቻ ነበር፤ እሱም አላስራባትም። እኔንም የገረዘችኝ እሷ ናት። እናቴ ደረቴ ላይ ተቀምጣ፣ ጎረቤቶች ጉልበቴን ፈልቅቀው ይዘው፣ ቆረጠችኝ፤ ከዚያም ሰፋችኝ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲዘጋ ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከምላጩ ይልቅ ያ መሳሟ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሲያደንቋት "እጇ ቀላል ነው፣ ደም አታበዛም" ይላሉ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝና የእጇን ቅለት ማዋለጃ አልጋ ላይ አየዋለሁ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት የእኛው ሰፈር ልጅ ምጥ ይዟት መጣች። ስፌቷን አስቀድሞ የከፈተላት ሰው ስላልነበር የሕፃኑ ጭንቅላት ጠባሳውን እንደ ግድግዳ ይገፋል። በምጥና በምጥ መካከል መቀሱን አስገብቼ ልከፍታት ስል በእግሯ ደረቴን ብላ አስፈነጠረችኝ። ተነስቼ ከፈትኳት። ደሙ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሕፃኑ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ጀርባውን እያሸን፣ አየር እየነፋንለት፣ በስንት ልመና አለቀሰ። እናትየው ነፍስ ስትዘራ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "መልሰሽ ትሰፊኛለሽ አይደል? ባሌ እንዳይቆጣ" ብላ ነው። ኮሪደር ወጥቼ የቆሻሻ ባልዲውን በእርግጫ አልኩት።

ያ ስብሰባ የተጠራው እንዲህ ላሉ ሴቶች ነበር። የዕቅድ ክፍል ኃላፊዋ፣ እኛ በሐሜት ወይዘሪት ዕቅድ የምንላት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። የተገረዙ ስደተኛ ሴቶች ምጥ ሳይዛቸው የሚታዩበት ክሊኒክ ለመክፈት ደፋ ቀና ስትል ከርማለች። የት ሰፈር ቢሆን ይሻላል፣ ስንት አዋላጅ፣ ስንት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ ሁሉን አስባለች። ሠራተኞቿን በየቤቱ ልካም፣ "የሴት ነገር ሲያማችሁ ለማን ትነግራላችሁ?" ብላ አስጠይቃለች። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ሰው ጠሩ። ዋሹ አይባልም፤ እውነታቸውን ነው። ወይዘሪት ዕቅድም ያችኑ ሰው አስፈልጋ፣ የሰፈሩና የሆስፒታሉ አገናኝ ብላ ቀጠረቻት።

"ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?" አልኳት፣ የጆጉ ስባሪ ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ።

"አውቃለሁ። ራሷ ነግራኛለች። ድሮ ትገርዝ ነበር፣ አሁን ትታዋለች። የተወ ሰው ሲናገር ሰው ይሰማል።"

"አልተወችም!"

"ማስረጃ አለሽ?"

ምን ማስረጃ አለኝ? ልጆቹ አይናገሩም፣ እናቶቹ አይናገሩም፣ እኔስ በልጅነቴ ለማን ተናገርኩ?

"እሺ፣ ዕቅድሽ ውስጥ ሕፃናቱ የት አሉ?" አልኳት። "ገና ያልተነኩት?"

"ሕፃናት የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ናቸው። የእኛ ክፍል ድርሻ እርጉዞቹ ናቸው።"

"ቁስሉን አቅደሻል፤ ምላጩን ደግሞ ባጅ ሰጥተሽ ቀጥረሻል!"

ይሄኔ እጀ ቀላሏ በተሰደድንበት አገር ቋንቋ፣ ከእኔ በለሰለሰ አነጋገር፣ "እባካችሁ አትቆጧት፤ እኔ ይቅር ብያታለሁ" አለች። ዓይኔ ደም ለበሰ። ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ ሻሿን ልይዝ ትንሽ ሲቀረኝ ጥበቃዎቹ ደረሱ። ብብቴን ይዘው እያንጠለጠሉ አወጡኝ። በማግስቱ ከሥራ ታገድኩ።

እጀ ቀላሏ ባጁን ቤቷም አታወልቀው። ገበያ ስትወጣ ደረቷ ላይ ነው፤ ሰው ልትጠይቅ ስትሄድ ደረቷ ላይ ነው። ወይዘሪት ዕቅድ ባጁን የሰጠቻት ግርዛት ይቅር ብላ እንድትመክርበት ነበር። ሰፈራችን ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። "አያችሁ? ሆስፒታሉ ራሱ ፈቀደላት፤ እንደ ሐኪም ቆጠራት" ተባለ። እስር ፈርተው ነገሩን የተዉ አባቶች ልባቸው ሞቀ። ከእነሱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ታናሽ ወንድሜን አዝዬ ነው ያሳደግኩት። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ መንገደኛ የሚፈራው ግዙፍ፣ እናታችን ፊት ግን የሚቀልጥ። እናታችን ከእሱ ጋር ትኖራለች። ትምህርት ቤት የጀመረች አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ዘላ እንጂ ረግጣ ስለማትሄድ ፌንጣ እላታለሁ። ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ምራታችን፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ "እትዬ፣ ይቺን አያገኟትም በይኝ" አለችኝ። "እኔ በቁሜ አያገኟትም" አልኳት። ወንድሜም አጠገባችን ቆሞ ምሎልኛል።

ከታገድኩ በኋላ እናቴ ልትመክረኝ ቤቴ መጣች። ሳትቀመጥ ጀመረችኝ።

"እናትሽን በምታክል ሴት ላይ ዕቃ ትወረውሪያለሽ? ምን ነካሽ?"

"ምን እንደነካኝማ አንቺ ታውቂያለሽ። ደረቴ ላይ ተቀምጠሽ አልነበር?"

"ይኸው እንግዲህ! አደግሽ፣ ተማርሽ፣ ሰው ሆንሽ። ምን ጎደለሽ?"

"ምን ጎደለሽ?" እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ወለሉ ላይ አፈረጥኩት። "ባሌ ለምን እንደሄደ ልንገርሽ? ሲነካኝ ግድግዳ እየቧጠጥኩ ስለምጮህ ነው። ልጅ ለምን እንደሌለኝ ልንገርሽ? ያመረቀዘውን ያወጡልኝ ከነማኅፀኔ ነው። ይሄ ነው የጎደለኝ እማዬ!"

እናቴ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ገባት ብዬ ነበር።

"ያኔ ማደንዘዣ የለ፣ ጓንት የለ" አለች። "አሁን ሁሉም አላት። ባጅ ሰጥተዋታል። ለፌንጣ እንዳንቺ አይሆንባትም።"

"ፌንጣን ትንካትና እገድላታለሁ።"

"እኔስ ብነካት? እኔንም ትገድይኛለሽ?"

በሩን ከፈትኩላት። ምርኩዟን እያንኳኳች ወጥታ ሄደች። ወዲያው ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ፤ አያነሳም። ቤቱ ሄድኩ፤ በሩን ሳይከፍት፣ "ምንም የለም እትዬ፣ እማዬ ዝም ብላ ነው" አለኝ። ማመን ፈልጌ አመንኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት ምራታችን ደወለች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው።

"እትዬ፣ መጥታለች። መርፌ ይዛለች። እንደ ሐኪም ናት፣ አያማትም እያሉ ነው። ድረሽልኝ፣ እትዬ..."

ከኋላዋ ወንድ ጮኸ። ስልኩ ተዘጋ።

የወንድሜ ቤት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ቤት ውስጥ በማደርገው ጫማ ሮጥኩ፤ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ደረጃውን በእጄም በእግሬም ወጣሁት። በራቸው ላይ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ሕንፃውን ያናውጠዋል፤ ኳስ ነው የከፈቱት። ከኳሱ ጩኸት ሥር የሕፃን ጩኸት ሰማሁ። ስንት ዘመን ጩኸት ስሰማ ኖሬያለሁና እለየዋለሁ፤ የፍርሃት እንጂ የሕመም አልነበረም። ገና ናት፣ አልነኳትም አልኩ።

"ክፈት!" በሩን በእርግጫም በትከሻም አልኩት። "ክፈት አንተ ፈሪ!"

"ሂጂ እትዬ" አለ ወንድሜ ከውስጥ። "የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

"እኔ ማነኝ ታዲያ? የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ?"

ኮሪደሩ ላይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። ነቀልኩትና ቁልፉ ላይ ደጋግሜ አወረድኩት። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፈት አድርጋ አየችኝና መልሳ ዘጋች። ፖሊስ የጠራችው እሷ ትመስለኛለች፤ አልፈርድባትም፤ ያየችው በር የምትሰብር እብድ ነው። እንጨቱ ተሰነጠቀ። ወንድሜ በሩን ብርግድ አድርጎ በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ማጥፊያውን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩት። ሲሰበር ሰማሁት፣ ወይም መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተዘረረና ቁርጭምጭሚቴን ጨብጦ ሊጥለኝ ሲታገል እጁን ረግጬ አለፍኩ። ያ ልጅ ጀርባዬ ላይ ያደገ ነው። ያን ሰዓት ግን ቅንጣት አላሳዘነኝም።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውጭ ተቆልፏል፤ ምራታችን ከውስጥ በሁለት እጇ ትደበድበዋለች። ለእሷ ጊዜ አልነበረኝም። መኝታ ቤቱን ገፋሁት።

ፌንጣ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። እናቴ ያኔ እኔ ላይ እንደተቀመጠችው ደረቷ ላይ ተቀምጣለች። እጀ ቀላሏ የእኛን ክፍል ጓንት አጥልቃ፣ የእኛን ክፍል ማደንዘዣ ብልቃጥ ትራስ ላይ አጋድማ፣ መርፌውን ወግታ ጨርሳለች። ምላጩን ይዛለች። ባጁን ሥራ እንዳያደናቅፋት ወደ ጀርባዋ አዙራዋለች።

"አክስቴ!" አለች ፌንጣ።

የባጁን ገመድ ከኋላ ጨብጬ ጎተትኩ። እየታነቀች ወደ ኋላ ስትወድቅ ምላጩ የፌንጣን ጭን ጫረው። ደሙን አየሁ። ምላጩን በባዶ እጄ ያዝኩት፤ መዳፌ ተሰነጠቀ፤ አልለቀቅኩም። እናቴ ተነስታ ጀርባዬን፣ ትከሻዬን፣ ጭንቅላቴን በምርኩዟ ትወቅጠኝ ጀመር።

"ልቀቂያት! ልጅቷን ቆማ እንድትቀር ነው የምትፈልጊው? ማን ያገባታል?"

"ምቺኝ እማዬ! በደንብ ምቺኝ! እሷን ግን አትንኪብኝ!"

የእጀ ቀላሏ ደረት ላይ ወጣሁ። ጉሮሮዋን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከመዳፌ የሚወርደው ደም አገጯንና አንገቷን አለበሰው። ፊቷ ጠቆረ፣ እግሯ ወለሉን መታ። ልገድላት ነበር፤ አልደብቀውም። ሳንቃት የተሰማኝም ደስታ ነው። ከኋላ አንስተው ከግድግዳ ሲያላትሙኝ ነው ፖሊስ መምጣቱን ያወቅኩት።

ሁለት ናቸው፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት። የባጁን ጉልበት ያየሁት ያኔ ነው። እጀ ቀላሏ እየሳለች ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች፣ ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተች፣ ባጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ መለሰች።

"የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነኝ" አለች በአገሩ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ። "ይቺን ሴት ከሥራ አግደዋታል። ስብሰባ ላይ ጆግ ወርውራብኛለች፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ደግሞ ምላጭ ይዛ መጣች። እኔ የልጅቷን ቁስል ልጠርግላት ነው።"

ሽማግሌው ደወለ። ጆጉ እውነት ሆኖ ተገኘ፣ እገዳውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ውሸቱን ማን ይመረምራል?

"ማደንዘዣውን እዩት! ልጅቷን ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ብልቃጡ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገብቷል። ወንድሜ ጉልበቱን እንደያዘ፣ "እህቴ ናት፣ ግን ጤና የላትም" አለ። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ወጣቱ ተንበርክኮ ፌንጣን፣ "ማነው የጎዳሽ?" አላት። ፌንጣ አፏን ከፈተች። እናቴ መዳፏን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈች፤ ለሚያይ ሰው አያት የልጅ ልጇን ስታባብል ነው። ፌንጣ አፏን ዘጋች።

ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን ድብደባ ሰምተው ከፈቱት። ምራታችን እጆቿ አባብጠው ወጣች። ወንድሜ ከቤት ስለማያስወጣት የአገሩን ቋንቋ አታውቅም፤ በቋንቋችን ተንደረደረች።

"ቆለፉብኝ! ልጄን ሊቆርጧት ነው! ያቺ ናት፣ ያቺ ሴትዮ! እትዬን ልቀቋት!"

ሽማግሌው ግራ ገብቶት ወደ ባጁ ዞረ። "ምንድን ነው የምትለው?"

"ባሌን ደበደበችብኝ፣ ልጄን ቆረጠችብኝ፣ ከቤቴ አውጡልኝ ነው የምትለው" አለች እጀ ቀላሏ።

ሽማግሌው ለምራታችን አንገቱን ነቀነቀላት፤ በአዘኔታ። ምራታችን ሲነቀንቅ አይታ ወዲያው ገባት። ቃሏ እዚያች ሴት አፍ ውስጥ ሲገለበጥ ፊቷ ላይ አነበብኩት።

"ውሸት ነው! እንዲህ አላለችም!" ብዬ ወጣቱን በግንባሬ ገጨሁት። ብልህነት አልነበረም። አፍንጫው ደማ። ሁለቱ ተረባርበው እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ካቴና አስገቡልኝና፣ "አምቡላንስ ይመጣል፣ ሌሎች ፖሊሶችም ይመጣሉ" እያሉ ደረጃውን ጎትተው አወረዱኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ? ማደንዘዣው ገብቷል፣ ሴትየዋ እዚያው ናት፣ በሩን የሚጠብቅ ማንም የለም። በየደረጃው ራሴን እየጣልኩ፣ እየተራገጥኩ፣ እየለመንኩ ወረድኩ። ልመናዬን እንደ እብደት ቆጠሩት።

የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ወርውረውኝ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ከሕንፃው ጩኸት ተሰማ። የትልቅ ሰው ጩኸት ነበር። ወዲያው ምራታችን በባዶ እግሯ እየበረረች ወጣች፤ ፌንጣ በአንሶላ ተጠቅልላ ደረቷ ላይ ተለጥፋለች። ወጣቱን በክርኗ ገፍትራ፣ እኔን በጉልበቷ ረግጣ ገባችና በሩን ጎትታ በላያችን ዘጋችው።

"ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"በር ዘጋሁባት" አለች እያለከለከች። "ጣቷ ላይ።"

ወንድሜ እያነከሰ ደረሰ። መስኮቱን በቡጢ አለው። "ውረጂ! ዛሬ ነው የምገድልሽ! ውረጂ!" መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ የእጁ ደም ስንጥቁን ተከትሎ ወረደ። ወጣቱ ፖሊስ ከኋላ አነቀው፤ ወንድሜ አሽቀንጥሮ አስፋልቱ ላይ ጣለውና መስታወቱን ደገመው። ሽማግሌው ሽጉጡ ላይ እጁን አሳርፎ አንዴ ወንድሜን፣ አንዴ እኛን ያያል። ማንን መፍራት እንዳለበት ገና አልለየለትም።

እጀ ቀላሏ መጣች። ቀኝ እጇን በሻሿ ጠቅልላለች፤ በግራዋ ባጇን ይዛለች። ሽበቷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ላብ ፊቷን ያጥበዋል፤ ድምፅዋ ግን አሁንም አልተናወጠም።

"ሚስቱ ደንግጣ ነው" አለችው ሽማግሌውን። "አውርዱኝ ነው የምትለው። ፈቃድዎ ከሆነ እኔ ላውርዳት።"

ሽማግሌው እፎይ አለ። የሚያስተረጉምለት ሰው አገኘና እፎይ አለ! የበሩን እጀታ ያዘ።

"ንዱ!" ትላለች ምራታችን። "ንዱ በያቸው! ስለ ፈጣሪ ንዱ!" ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን እኔ ማነኝ? ካቴና ያጠለቅኩ፣ ፖሊስ የገጨሁ እብድ ነኝ። ሽማግሌው ወደ እኔ አልዞረም እንኳ።

ፌንጣ ከአንሶላው ውስጥ ቀና አለች። ጭንቅላቷ ላይ የማንም እጅ የለም። በተሰነጠቀው መስታወት ሽማግሌውን አየችውና፣ አስተማሪ ጠይቋት እንደምትመልስ ጥርት አድርጋ፣ በአገሩ ቋንቋ ተናገረች።

"እናቴ 'ንዱ' ነው ያለችው። ሴትየዋ ዋሽታለች። ቅድምም ዋሽታለች። እናቴ ያለችውን ሁሉ ልንገርዎት?"

እጀ ቀላሏ የሆነ ነገር ጀመረች። ሽማግሌው መዳፉን ዘርግቶ ዝም አሰኛትና ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ።

"ንገሪኝ" አላት።